በኩላሊት እጥበት ላይ ላሉ አባት፦ ውሃው ከመቆለፉ በፊት ጨው ይታይ

ጥያቄ፦ አባቴ 61 ዓመታቸው ነው። ስኳርና ደም ግፊት ኩላሊታቸውን ጎድቶት ካለፈው ዓመት ጀምሮ ሰኞና ሐሙስ የኩላሊት እጥበት ያደርጋሉ። ደረቅ ክብደታቸው (ትርፉ ውሃ ሁሉ ከወጣ በኋላ የሚቀረው) 58 ኪሎ ነው ተብለናል። ሰኞ ሰኞ ግን 62 አንዳንዴም 63 ኪሎ ሆነው ይገኛሉ። ማሽኑ ላይ እያሉ ግፊታቸው ይወርዳል፣ እግራቸው ይሸማቀቃል፣ ነርሶቹም «ውሃ ከልክሏቸው» እያሉ ይቆጡናል። ጠርሙሱን ብንደብቅ ሌሊት ተነሥተው ከቧንቧ ይጠጣሉ፤ «ሰው እንዴት ውሃ ይከለከላል?» ይሉናል። ዘመድ ደግሞ «ለኩላሊት መድኃኒቱ ውሃ ነው» ይላል፤ ጸበልም ይወስዷቸዋል። ሽንታቸው በቀን አንድ ብርጭቆ ቢሆን ነው። በቀን ስንት ውሃ ይፈቀድላቸዋል? ቆልፈን እንያዝ ወይ?

ምላሽ፦

ከቁጥሩ ልጀምር። አባትዎ በቀን የሚሸኑት 250 ሚሊ ሊትር ያህል ከሆነ፣ የሚፈቀድላቸው የሚጠጣ ነገር ሁሉ ተደምሮ በቀን ከ750 ሚሊ ሊትር እስከ አንድ ሊትር ነው። ስሌቱ እንዲህ ነው፦ የቀኑን ሽንት መጠን ይይዙና ከ500 እስከ 750 ሚሊ ሊትር ይጨምሩበታል። ከሐሙስ እስከ ሰኞ ያለው ክፍተት አራት ቀን ስለሆነ በዚያ ሰሞን ወደ ዝቅተኛው ቁጥር ይጠጉ። የሚከታተላቸው ሐኪም ልባቸውን መርምሮ ከዚህ ያነሰ ቁጥር ሰጥቶ ከሆነ ግን የእሱን ይያዙ።

ለሁለተኛው ጥያቄዎ መልሴ «አይቆልፉ» የሚል ነው። ሰውን የሚያስጠማውን ነገር እንዳለ ትቶ ውሃውን መደበቅ በቤት ውስጥ ጠብ ከማንገሥ በቀር የሚያስገኘው ነገር የለም። ጠርሙስ ይደበቃል፤ ቧንቧ የት ይደበቃል? አባትዎ ሌሊት የሚነሡት እልኸኛ ሆነው አይመስለኝም። በእርግጥ ይጠማቸዋል። ጥሙ ደግሞ ምክንያት አለው፤ አብዛኛውን ጊዜም ምክንያቱ የሚገኘው ወጥ ቤት ውስጥ ነው።

መጀመሪያ ግን አንድ ነገር በፍትሕ እንመልከት። በአራት ቀን 5 ኪሎ የጨመረ ሰው በቀን አንድ ኪሎ ከሩብ ጨምሯል ማለት ነው። አንድ ኪሎ አንድ ሊትር ውሃ ነው። ከምግብ የሚገባው ውሃ በላብ፣ በትንፋሽና በሰገራ ከሚወጣው ጋር በግምት ይቻቻላል፤ ስለዚህ የቀኑ ጭማሪ ማለት የጠጡት ሲቀነስ የሸኑት ነው። የአባትዎን ብናሰላው በቀን የሚጠጡት አንድ ሊትር ተኩል ገደማ ነው። ይህን ያህል የሚጠጣ ጤነኛ ሰው ቢኖር ማንም አይናገረውም፤ እንዲያውም «ጨምር» ይባል ነበር። አባትዎ እንደ ሆዳም መቆጠራቸው ስለዚህ አግባብ አይደለም። የሚጠጡት እንደማንኛውም ሰው ነው፤ የጎደላቸው መውጫው ነው።

የዘመዶቻችሁ ምክር ከየት እንደመጣ ይገባኛል። የኩላሊት ጠጠር ያለበት ሰው ወይም የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ደጋግሞ የሚያመው ሰው ውሃ በብዛት እንዲጠጣ ይመከራል፤ ምክሩም ትክክል ነው። ያ ግን ኩላሊቱ ለሚሠራ ሰው ነው። ሥራውን ያቆመ ኩላሊት ውሃ ስላጠጡት አይነሣም። ውሃው መውጫ ስለሌለው መጀመሪያ እግር ላይ፣ ቀጥሎ ሳንባ ውስጥ ይጠራቀማል። ተልባ፣ የገብስ ውሃ፣ «ሽንት ያሸናል» ተብሎ የሚፈላ ቅጠል ሁሉ ሒሳቡ ይኸው ነው። ቅጠሎቹ ደግሞ ውስጣቸው ያለው ነገር ሳይታወቅ በደም ውስጥ ሊከማች ስለሚችል እኔ ጨርሶ አልፈቅድም።

አሁን ማሽኑ ላይ ምን እንደሚሆን ልንገርዎ፤ ግፊታቸው ለምን እንደሚወርድ ካወቁ የቀረው ይቀላል። ማሽኑ ውሃ የሚያወጣው ከደም ብቻ ነው። እንደ አባትዎ ባለ 58 ኪሎ ሰው ውስጥ ያለው ደም አራት ሊትር ገደማ ነው፤ ከዚያ ውስጥ ፈሳሽ የሆነው ክፍል ሦስት ሊትር አይሞላም። ሰኞ ዕለት ግን ከእሳቸው 5 ሊትር እንዲወጣ ይፈለጋል። ይህ ሊሆን የሚችለው በእግር፣ በሆድና በጡንቻ መካከል የተጠራቀመው ውሃ ቀስ እያለ ወደ ደም ሥር ሲመለስ ብቻ ነው። ከጉድጓድ ውሃ የሚቀዳ ሰው ከምንጩ ፍጥነት በላይ ከቀዳ ባልዲው ጭቃ ይዞ እንደሚመጣ ሁሉ፣ ማሽኑም ከመመለሻው ፍጥነት በላይ ሲያወጣ ደም ሥር ውስጥ ያለው ይጎድላል። ያን ጊዜ ሰውየው ያዛጋል፣ ግንባሩን ላብ ላብ ይለዋል፣ ግፊቱ ይወርዳል፣ ጡንቻው ይሸማቀቃል።

ለዚህ ፍጥነት በሙያው የሚታወቅ ወሰን አለ፦ ለአንድ ኪሎ ክብደት በሰዓት ከ13 ሚሊ ሊትር ባይበልጥ ይመረጣል። በ58 ኪሎ እና በአራት ሰዓት እጥበት ሲሰላ 3 ሊትር ብቻ ይሆናል። አምስት ሊትር በአራት ሰዓት ይውጣ ከተባለ ፍጥነቱ ከ21 ያልፋል። በዚህ ፍጥነት በየጊዜው የሚታጠብ ሰው ልቡ በደም እጥረት ይጎዳል፤ ፊስቱላ (ለእጥበቱ ሲባል በክንድ ላይ በቀዶ ጥገና የተገጣጠመ የደም ሥር) ካለውም ግፊቱ በወረደ ቁጥር ፊስቱላው ሊዘጋ ይችላል። ስለዚህ ግባችሁ ግልጽ ነው፦ ሰኞ ዕለት ከ61 ኪሎ ያልበለጠ። ከ60 ኪሎ ተኩል ቢያንስ ደግሞ እሰየው።

እዚህ ላይ ማንም የማይነግርዎት አንድ ክፉ አዙሪት አለ። ግፊታቸው ሲወርድ ነርሷ ምን ታደርጋለች? እግራቸውን ከፍ ታደርጋለች፣ ማሽኑ ውሃ ማውጣቱን እንዲያቆም ታደርጋለች፣ ካልተመለሰም በቱቦው ሳላይን ትሰጣቸዋለች። ሕይወት የሚያድን ሥራ ነው፤ ግን ሳላይን በሊትር 9 ግራም ጨው ያለበት ውሃ ነው። ስለዚህ አባትዎ ያልወጣላቸውን ውሃ እንደተሸከሙ፣ በላዩም ጨው ተጨምሮላቸው፣ ተጠምተው ወደ ቤት ይመለሳሉ። ከእጥበት በተመለሱበት ማታ ጥሙ የሚብሰው አንድም በዚህ ነው። በእጥበቱ ዕለት ጠዋት የሚወሰድ የግፊት መድኃኒት ካለም ግፊቱን ይበልጥ ሊያወርደው ስለሚችል ከእጥበቱ በኋላ ቢወሰድ ይሻል እንደሆነ ሐኪሙን ይጠይቁ። የማሽኑ ፈሳሽ የሶዲየም (የጨው ንጥረ ነገር) መጠን ለእሳቸው ከፍ ተደርጎ እንደሆነም ይጠይቁ፤ ግፊት እንዳይወርድ ተብሎ ከፍ የሚደረግበት ጊዜ አለ፤ ዋጋው ግን ጥም ነው።

ወደ ጨው ልመለስ፤ ለእኔ ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው።

ሰውነት የደሙን ጨዋማነት በጠባብ ወሰን ውስጥ ይጠብቃል። ጨው ሲገባ ደሙ ጨዋማ ይሆናል፣ አንጎል ያንን ያውቅና «ጠጣ» ይላል። ይህ ትእዛዝ ከረኃብ ይበረታል፤ በልጅ ቁጣ ወይም በነርስ ተግሣጽ የሚመለስ አይደለም። በሒሳብ ሲቀመጥ፣ 8 ግራም ጨው የበላ ሰው ደሙ እስኪመጣጠን አንድ ሊትር ያህል ውሃ ይጠጣል። ገልብጠው ያንብቡት፦ በሰኞ ሚዛን ላይ 5 ኪሎ ጨምሮ የተገኘ ሰው 40 ግራም ያህል ጨው ይዞ መጥቷል፤ በቀን 10 ግራም መሆኑ ነው። እጥበት ላይ ላለ ሰው የሚመከረው ደግሞ ከ5 ግራም ያልበለጠ፣ ማለትም ያልተቆለለ አንድ የሻይ ማንኪያ፣ ለዚያውም በምግቡ ውስጥ ያለው ሁሉ ተደምሮ ነው። ጨው ሳይቀነስ ውሃ ቀንሱ ማለት ሰውን በጥም መቅጣት ነው። ጨው ከተቀነሰ ግን ውሃው አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይቀንሳል።

«ጨው ብዙም አንጨምርም» እንደሚሉኝ አውቃለሁ፤ ሁሉም ቤተሰብ እንዲሁ ይለኛል። ወጡ ላይ የሚነሰነሰውን ብቻ ስለሚቆጥሩ ነው። የእኛ ቤት ጨው የሚገባው ወጡ ከመሠራቱ ከወራት በፊት ነው። በርበሬ ሲዘጋጅ ከቅመሙ ጋር ጨው ይገባበታል፤ ሽሮም እንዲሁ፤ ሚጥሚጣውና አዋዜው የታወቀ ነው። ያ በርበሬ ድስት ውስጥ ሲገባ ጨውም አብሮ ገብቷል፤ ከዚያ ባለሙያዋ ቀምሳ «ትንሽ አነሰው» ብላ ሌላ ትጨምርበታለች። ቋንጣ አለ። ከሱቅ የሚገዛ የሾርባ ኩብ አለ፤ ትንሽ ብትመስልም አብዛኛዋ ጨው ናት። ኢንዶሚ፣ የድንች ጥብስ በላስቲክ፣ የታሸገ ዓሣ፣ ዳቦ ሳይቀር። በቡና ሰዓት የሚቀርበው ፈንዲሻና ኦቾሎኒም ጨው አለበት፤ በአንዳንድ አካባቢ ቡናው ራሱ በጨው ይጠጣል። አምቦ ውሃም ሶዲየም ያለበት የማዕድን ውሃ ስለሆነ ለአባትዎ ጥም ማርኪያ አይሆንም።

ስለዚህ የምመክርዎት አንድ ትልቅ ሥራ ነው፤ እሱን ከሠሩ ግማሹ መንገድ ያልቃል። የሚቀጥለውን በርበሬና ሽሮ ያለ ጨው አስፈጩ። ለአባትዎ ብቻ አይሁን፤ ለመላው ቤተሰብ ይሁን። ወጡ በአንድ ድስት ያለ ጨው ወይም በጣት ቁንጥር ብቻ ይሠራ፤ ጨው የሚፈልግ ሰው በሳህኑ ላይ ይነስንስ። የእሳቸውን ብቻ ለይቶ «የበሽተኛ ምግብ» ብሎ ማቅረብ የአባትን ሞራል ይሰብራል፤ ሲያዩት ይዘጋቸዋል፣ ከጎረቤት ሳህንም ይጎርሳሉ። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ኮረሪማ፣ በሶብላ፣ ጤና አዳም፣ የጥብስ ቅጠል፣ ጥቂት የሎሚ ጠብታ የጨውን ቦታ በደንብ ይሸፍናሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት «ውሃ ውሃ ይላል» ብለው ያማርራሉ። ምላስ ግን ይለምዳል፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የድሮውን ወጥ ቢቀምሱ ጨው የበዛበት ሆኖ ያገኙታል። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ በሱፐርማርኬት «የጨው ምትክ» ወይም «ሶዲየሙ የቀነሰ» ተብሎ የሚሸጠውን አይግዙ። ብዙውን ጊዜ የተሠራው ከፖታሲየም ነው፤ ፖታሲየም በደም ውስጥ ሲበዛ የእጥበትን ሰው ልብ ሊያቆም ይችላል።

ሁለተኛው የጥም ምንጭ ስኳሩ ነው። የደም ስኳር ሲጨምር ልክ እንደ ጨው ውሃን ከሴሎች ይስባል፣ ሰውየውንም ያስጠማዋል። ጨው ቀንሳችሁ ጥሙ ካልቀነሰ የስኳር መለኪያውን አንሡ፤ በተለይ ሌሊት በጥም በሚነሡበት ሰዓት ለኩ። ቁጥሩ ሁልጊዜ ከፍ ብሎ ከተገኘ መዝግባችሁ ለሐኪሙ አሳዩ እንጂ ኢንሱሊኑን በራሳችሁ አትጨምሩ። ኩላሊቱ የደከመ ሰው ኢንሱሊን በሰውነቱ ውስጥ ስለሚቆይበት ስኳሩ በድንገት ሊወርድ ይችላል። ሲወርድባቸውም የብርቱካን ጭማቂ አይስጧቸው፤ ፖታሲየም አለበት፣ ፈሳሽም ነው። ሦስት አራት ከረሜላ ወይም በጥቂት ውሃ የተበጠበጠ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር ይበቃል።

ሦስተኛው የአፍ መድረቅ ነው፤ ይህ ከእውነተኛ ጥም ይለያል። ለስኳር ሕመምተኞች እግር ማቃጠል የሚሰጠው አሚትሪፕቲሊን አፍ ያደርቃል፤ አንዳንድ የአለርጂ መድኃኒቶችም እንዲሁ። አፍን ከፍቶ መተኛትም ያደርቃል። እንዲህ ላለው ጥም የሚያስፈልገው አፉን ማርጠብ ነው። በቀዝቃዛ ውሃ ተጉመጥሙጦ መትፋት፣ ቅርንፉድ አፍ ውስጥ መያዝ፣ ስኳር የሌለው ማስቲካ ማኘክ፣ ስስ የሎሚ ቁራጭ መምጠጥ ይረዳል። መፋቂያ የሚወዱ ከሆነ ደግሞ ከሁሉም እሱ ይሻላል፤ ጥርሱንም ያጸዳል፣ ምራቅም ያመጣል፣ እጅንም ሥራ ያስይዛል። በረዶ ከውሃ ይልቅ በአፍ ውስጥ ስለሚቆይ ያረካል፤ ከቀኑ ድርሻ ላይ መቆጠሩን ግን አይርሱ።

አሁን ወደ አለካኩ እንምጣ። የሚቆጠረው በቤት ሙቀት ፈሳሽ የሆነ ነገር ሁሉ ነው፦ ውሃ፣ ሻይ፣ ቡና፣ ወተት፣ እርጎ፣ አጥሚት፣ ሾርባ፣ ጠላ፣ ለስላሳ፣ መድኃኒት የሚዋጥበት ውሃ ጭምር። እንጀራ አይቆጠርም። «እንጀራ ውሃ ይበዛበታል» ብለው እንጀራ ያስተዉ ቤተሰቦች አጋጥመውኛል፤ አትድከሙ፣ ከላይ እንዳልኩት የምግብ ውሃ በላብና በትንፋሽ ከሚወጣው ጋር ተቻችሏል። ሐብሐብና ብርቱካን ግን ጥም ለማርካት ተብለው በብዛት ሲበሉ ውሃነታቸው ይጎላል፤ ብርቱካኑ በተጨማሪ ፖታሲየም አለበት፣ ሙዝና አቮካዶም እንዲሁ።

በቤታችሁ ያለውን እያንዳንዱን ዕቃ አንድ ጊዜ ለኩት። የመድኃኒት መለኪያ ወይም ከፋርማሲ የሚገዛ 20 ሚሊ ሊትር የሚይዝ መርፌ የሌለው ስሪንጅ ይበቃል። አባትዎ የሚጠጡበት ሲኒ ስንት ይይዛል? የቡና ሲኒ ብዙውን ጊዜ ከ60 እስከ 80 ሚሊ ሊትር ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብለው ከጨረሱ 200 ሚሊ ሊትር ሄዷል፤ ከቀኑ ድርሻ ሩብ ያህል ማለት ነው። ቡና ይከልከሉ አልልም፤ ሰው ከሚቀመጥበት ክብ ማውጣት ከቡናው ይበልጥ ይጎዳል። አቦሉን ይጠጡ፣ ለቀሪው ግን ቤቱ ይወቅላቸው። እንግዳ «በሞቴ» እያለ ሲያስጨንቃቸው መልስ መስጠት ያለባቸው እሳቸው ሳይሆኑ እርስዎ ወይም እናትዎ ናችሁ።

ከዚያ የአንድ ሊትር ባዶ ሃይላንድ ወስደው ጠዋት ጠዋት የቀኑን ድርሻ፣ ለምሳሌ 800 ሚሊ ሊትር፣ በውሃ ይሙሉት። ሻይ በጠጡ ቁጥር የብርጭቆውን ያህል ከጠርሙሱ ያፍስሱ፤ ቡና ሲጠጡ የሲኒውን ያህል። ጠርሙሱ ውስጥ የቀረው ለዕለቱ የቀራቸው ነው። ጠርሙሱ በእርስዎ እጅ አይሁን፤ በእሳቸው እጅ ይሁን። የራሳቸውን ድርሻ ራሳቸው የሚያስተዳድሩ ሰው መስረቅ አያስፈልጋቸውም። ከዚያው ላይ 150 ሚሊ ሊትር ለሌሊት ተለይቶ ራስጌያቸው ይቀመጥ፤ ሌሊት ተነሥተው ቧንቧ ጋ ከሄዱ ማንም አይለካም፣ ግፊታቸው የሚዋዥቅ ሰው በጨለማ መውደቁም ያሰጋል።

ሽንታቸው «አንድ ብርጭቆ ቢሆን ነው» ብለዋል። ቢሆን ነው አይበቃም። ከእጥበት ነጻ በሆነ ቀን የጠዋቱን የመጀመሪያ ሽንት ደፍተው ከዚያ ጀምሮ እስከ ማግስቱ ጠዋት፣ የማግስቱን የመጀመሪያ ሽንት ጨምረው፣ በጠርሙስ ያጠራቅሙ። በየሁለት ወሩ ይደገም፤ ሽንት እየቀነሰ ሲሄድ የሚፈቀደው ውሃም ይቀንሳልና። የቀረችውን ሽንት ደግሞ እንደ ዓይን ብሌን ይጠብቋት። ለወገብ ሕመም ተብሎ ከፋርማሲ የሚገዛ ዲክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ያችን ቅሪት ሊያጠፋት ይችላል። ላዚክስ የተባለው ሽንት የሚያሸና መድኃኒት የሽንቱን መጠን ይጨምርላቸው እንደሆነም ሐኪሙን ይጠይቁ፤ ጥቂት ሽንት ባላቸው ሰዎች ላይ አንዳንዴ ይረዳል።

ሚዛን ከሌላችሁ ግዙ። ጠዋት፣ ሽንት ቤት ደርሰው ሲመለሱ፣ ቁርስ ሳይበሉ፣ በቀላል ልብስ፣ ጫማና ጋቢ ሳይኖር። በደብተር ይጻፍ። በቀን ከ700 ግራም በላይ ከጨመሩ የትናንቱን ምግብ አስታውሱ፤ የጨውን መግቢያ በር የምታገኙት እዚያ ነው። የእጥበት ማዕከሉ ሚዛን ከቤቱ ጋር ላይስማማ ይችላል፤ ልዩነቱን አንድ ቀን አመሳክራችሁ እወቁት።

58 ኪሎ የሚለው ቁጥር ራሱ እስከመቼ ትክክል እንደሚሆን ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? ደረቅ ክብደት ተተክሎ የሚቀር አይደለም። አባትዎ የምግብ ፍላጎታቸው ጠፍቶ ከሰነበቱ፣ ታመው ከተኙ፣ ከረጅም ጾም በኋላ ሥጋቸው ይቀንሳል። ሥጋው የለቀቀውን ቦታ ውሃ ይይዘዋል፤ ሚዛኑ አሁንም 58 ይላል፣ ሰውየው ግን ሁለት ኪሎ ውሃ ተሸክመዋል። ከእጥበት በኋላም ግፊታቸው ከፍ እንዳለ የሚቀር፣ ጠፍጣፋ መተኛት የሚያቅታቸው፣ የእግራቸው እብጠት የማይጠፋ ከሆነ ትክክለኛው ቁጥር 56 ሊሆን ይችላል። በተቃራኒው ደግሞ በእጥበቱ ተሽሏቸው መብላት ከጀመሩና ሥጋ ከጨመሩ፣ በ58 ላይ ሙጭጭ ማለት እውነተኛ ደማቸውን ማድረቅ ነው፤ ያኔ የሚሸማቀቀው ጡንቻና የሚወርደው ግፊት የውሃ ብዛት ሳይሆን የቁጥሩ ስሕተት ይሆናል። ስለዚህ በየወሩ «ደረቅ ክብደታቸው እንደገና ታይቷል ወይ?» ብለው ይጠይቁ። ጥያቄው ማንንም አያስቀይምም፤ ቢያስቀይምም ይጠይቁ።

ስለ ጸበል። እምነቱን የሚነካ ቃል ከእኔ አይሰሙም። ነገር ግን በብዙ ጸበል ቦታ በባዶ ሆድ ብዙ ሊትር ጠጥቶ ማስመለስ የተለመደ ነው፤ ይህ ሽንት ለሌለው ሰው በዚያው ሌሊት ሳንባውን በውሃ ሊሞላ ይችላል። ለካህኑ ሁኔታውን በግልጽ ይንገሯቸው፦ እጥበት ላይ ናቸው፣ ውሃ አይወጣላቸውም። ተጠምቀው በመዳፍ ሞልተው ቢቀምሱ፣ ያም ከቀኑ ድርሻ ቢቆጠር፣ ሐኪም የሚቃወምበት ምክንያት የለም። ካቴተር (ለእጥበት ደም ሥር ውስጥ የገባ ቱቦ) በአንገታቸው ወይም በደረታቸው ላይ ካለ ግን ጥምቀቱም ቦታውን ሳያረጥብ ይሁን፤ የረጠበ ካቴተር የደም ኢንፌክሽን በር ነው። ጾሙንም ከንስሐ አባታቸው ጋር ይነጋገሩበት፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆይቶ በአንድ ጊዜ ግማሽ ሊትር መጠጣት ለእሳቸው አይሆንም፣ ኢንሱሊን የሚወስዱ ከሆነም ጾሙ ራሱ ያሰጋል።

ስለ እጥበቱ ብዛት አንድ ነገር ልበል። ለአብዛኛው ሰው የሚመከረው በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜው አራት ሰዓት ነው። በአገራችን ብዙ ቤተሰብ ሁለት ጊዜ የሚያደርገው ገንዘቡ ስለማይበቃ ነው፤ ይህን የእናንተ ጥፋት አድርጎ የሚቆጣችሁ ካለ ተሳስቷል። አቅም ባገኛችሁበት ወር ከሁሉ አስቀድማችሁ ሦስተኛዋን ቀን ጨምሩ። ይህ ካልሆነ ደግሞ ማዕከሉ ከፈቀደ የሰኞውን ሰዓት በግማሽ ወይም በአንድ ሰዓት ማስረዘም ያንኑ ውሃ በዝግታ ለማውጣት ያስችላል። ዓመት በዓል አራቱ ቀን ክፍተት ውስጥ ሲወድቅ ቀኑን አስቀድማችሁ ለማቀያየር ሞክሩ፤ የዶሮ ወጡ፣ የጠላውና የእንግዳው ሒሳብ የሚወራረደው ከበዓሉ ማግስት ነውና።

ውሃ ይቀነስ የሚለው ምክር ተቅማጥ ወይም ትውከት ሲይዛቸው አይሠራም። ያን ጊዜ የሚወጣው ብዙ ስለሆነ ሚዛኑን እየተመለከቱ ለማዕከሉ ደውለው ምን ያህል እንደሚተኩ ይጠይቁ። ሞቃት አገር፣ ድሬዳዋ ወይም አፋር ሲሄዱም ላብ ስለሚጨምር ቁጥሩ ትንሽ ይላላል፤ የሚፈርደው ግን ሚዛኑ ነው።

እስከሚቀጥለው እጥበት የማይጠበቅባቸው ምልክቶች እነዚህ ናቸው፦ ተጋድመው መተኛት አቅቷቸው ተቀምጠው ካደሩ፣ ጥቂት እርምጃ ትንፋሻቸውን ካሳጠረው፣ አረፋ ወይም ደም የቀላቀለ አክታ ካስሉ፣ ደረታቸውን ካመማቸው፣ እግራቸው ከከዳቸው ወይም ልባቸው ያለ ሥርዓት ከመታ። ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ፤ የሚቻል ከሆነ እጥበት ማሽን ወዳለበት ሆስፒታል ይሁን። በኪሳቸው ሁልጊዜ አንድ ወረቀት ይኑር፦ «የኩላሊት እጥበት ታካሚ ነኝ፤ ደረቅ ክብደቴ 58 ኪሎ፤ የመጨረሻ እጥበቴ በዚህ ቀን፤ የምወስዳቸው መድኃኒቶች እነዚህ፤ ፊስቱላ ያለበት ክንዴ ይኸኛው ነው፣ ደም አይቀዳበት፣ ግፊት አይለካበት።» ይህን የማያውቅ ክሊኒክ የደከመ ሰው ሲያይ መጀመሪያ የሚሰቅለው ግሉኮስ ነው፤ ከሐኪም ትእዛዝ ውጭ ግሉኮስም ሆነ ሳላይን እንዳይሰቀልላቸው ቀድመው ይናገሩ።